ዝም ያለው ሱሪ

ዝናቡ ድንገት ባይመጣ ኖሮ ከልብስ ሰፊዋ መስኮት ሥር አልቆምም ነበር። ገና ማለዳ ነው። ሱቄን ልከፍት እየሄድኩ ሳለ ሰማዩ ሳያስጠነቅቅ ተቀደደና መጀመሪያ ካገኘሁት ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። ከመስታወቱ ወዲያ መብራት በርቷል። ሴትዮዋ አንድ ሰፊ ግራጫ ሱሪ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። የኋላውን ስፌት በምላጭ ጫፍ ስትተረትር፣ ወገቡን ጠበብ አድርጋ በስፌት መኪናው መልሳ ስትሰፋ ቆሜ አየሁ። ሥራው እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀጠለች። የድሮው ስፌት የተወውን የመርፌ ቀዳዳ በጥፍሯ አሸት አሸት ታደርጋለች፣ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ በካውያ ትጫነዋለች፣ ወደ መብራቱ አንስታ ወጥራ ታየዋለች፣ አልጠፋ ካላት መልሳ ትጫነዋለች።

ቀና ስትል አየችኝና በሩን ከፍታ አስገባችኝ። እንደ ወትሮዋ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ። እኔም ለአንድ ሱሪ ይህን ያህል መልፋት ምንድን ነው እትዬ፣ ከውስጥ ማን ያየዋል አልኳት።

«የሚለብሰው ሰው መጥበቡን እንዳያውቅ ብዬ ነው» አለች፣ ካውያውን እያነሳች። «ካወቀ ይደነግጣል።»

የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የአንድ ድርጅት ጥበቃዎችን የደንብ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ያው ግራጫ ነው። ስለዚህ ከጥበቃዎቹ አንዱ ችግር አግኝቶት ሰውነቱ ቀንሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዝናቡ ሲያባራ አመስግኛት ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ለማያውቀው ሰው ድንጋጤ የሚጠነቀቅ እጅ ስላየሁ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ ብቻ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ፊት ለፊት፣ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ባለች ጎጆ በምታህል ክፍል ይሠራል። በዚያች ክፍል ጠረጴዛና ወንበር አለ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። ገና ስተዋወቀው በጎኑ ነበር የሚገባው። መጀመሪያ አንድ ትከሻ፣ ቀጥሎ ሆድ፣ በመጨረሻ ሌላው ትከሻ። ሰው ሁሉ ጎታው ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ከጓሮ ያለው አናጺ ነው። ወንበሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበርበት አናጺው እግሮቹን በወፍራም እንጨት ደግፎ ሠራለትና «ከእንግዲህ የሚሰበር ከሆነ የሰው ወንበር ሳይሆን የጎታ መቆሚያ ነው የምሠራልህ» አለው። በማግስቱ ሕንፃው በሙሉ በዚያ ስም ጠራው። እሱም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ሆዱ ጠረጴዛውን ስለሚነካው የተፈቱት ብሎኖች ይንከባለላሉ፤ እነሱን በወረንጦ እየለቀመ ይስቃል።

በልጅነቴ ቀጭን ነበርኩ ብልህ አታምነኝም ይለኝ ነበር። ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ነው፤ ያስተማረው ደግሞ አጎንብሶ መቀመጥን ጭምር ነው። ሰዓት ተፈትቶ እያለ አይነሱም፤ አንዲት ብሎን ብትጠፋ ቀኑ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ሻዩን ስኳር አብዝቶ እዚያው ይጠጣል፣ ዳቦውን በግራ እጁ እየቆረሰ ዓይኑን ከማጉያ መነጽሩ አያነሳም። «ምን እንደበላሁ ብትጠይቀኝ አላውቅም፤ እጄ ነው የሚያውቀው» ብሎኛል አንድ ቀን።

ለመቀነስ ያልሞከረው የለም። አንዴ የሎሚ ውኃ ብቻ እየጠጣ ሰነበተና ደንበኛ ፊት ዞሮበት ወደቀ። አንዴ ደግሞ ሆዱ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ እየሠራ ላብ ሲያሰጥመው ከረመ። ሁሌም ጀመርኩ ብሎ ያውጃል፣ ሁሌም ሚስቱ ለብቻው ታበስልለታለች፣ ሁሌም የቀነሰው ከነወለዱ ይመለሳል። የሚስቱ እህቶች ሲመጡ «እህ፣ ዘንድሮስ አልጀመርክም?» ይሉታል። ሳቅ ይሆናል። እሱም ይስቃል። ማታ ግን ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት እንደሚያፍር ነግሮኛል፤ እሷ ከሁሉም በላይ ተስፋ ስለምታደርግ።

በመጨረሻ ጉልበቱን አመመው። ከሕንፃው ላይኛው ፎቅ፣ ከስብሰባው አዳራሽ፣ በየሳምንቱ በቁልፍ የሚሞላ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። የሚሞላው እሱ ነው። አንድ ቀን ደረጃው መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ትንፋሹ አጥሮ፣ ቁልፉን እንደያዘ። ቁልፉን ተቀብዬ እኔ ሞላሁለት። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ጤና ጣቢያ ያገኛት ነርስ ወሬ የማታበዛ ናት። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ስኳሩም አፋፍ ላይ ነው አለችው። ምን ትዕዛዝ ትሰጠኝ ይሆን ብሎ ሲጠብቅ ከዚህ በፊት ምን ምን እንደሞከረ ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት። ሎሚውንም፣ ላስቲኩንም። ከሰማችው በኋላ ዕድሜ ልክህን የማታደርገውን ነገር ዛሬም አታድርገው አለችው። የምትችለውን ትንሽ ነገር ያዝ፤ እሱ ልማድ ሲሆን ሌላ ጨምርበት። ደግሞ ሚዛን ላይ አትውጣ። ሚዛን ላይ በወጣህ ቁጥር ነው ተስፋ ቆርጠህ የተውከው። ሱሪህን ጠይቀው፤ እሱ ይነግርሃል።

ይህን ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ ሰዓት ሲያስተካክል እሱም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በፀጉር ያህል ይነካትና ሰዓቱን ሰቅሎ ይተወዋል። ወዲያው የሚያየው ጀማሪ ነው ይላል። «ሴትዮዋ ሰዓት ጠጋኝ መሆን ነበረባት» አለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ለሰው እንዳልናገር ለመነኝ፤ በተለይ ለሚስቱ። አሁንስ አላውጅም፣ ሱሪው ሲሰፋኝ እሷው ራሷ ታየዋለች አለ። እኔም ቃል ሰጠሁት።

ጀመረ። ጠዋት ታክሲውን ትቶ በእግሩ መምጣት ነበር የመጀመሪያው። ለሚስቱ ሥራ በዝቶብኛል እያለ ቀድሞ ይወጣል። ሰንብቶ ደግሞ አንድ ሰዓት ጠግኖ በጨረሰ ቁጥር ተነስቶ እስከ ሕንፃው በር ደርሶ መመለስ ጀመረ። ምሳውን ሰዓት ተፈትቶ እያለ መብላት ተወ። ጠረጴዛውን በጨርቅ ሸፍኖ ከእኔ ሱቅ መጥቶ፣ ሳህኑን እያየ ይበላል። ለካ ምግብ ጣዕም አለው ብሎ አሳቀኝ። ከሻዩ ስኳሩን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ረስቶት ያለ ስኳር ጠጣው። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚቀርብለትን ግማሹን በልቶ ጠገብኩ ብሎ ሳህኑን ይገፋል፤ ቀደም ብሎም ይተኛል። ስለ መንገዱ ደግሞ ማውራት አይጠግብም ነበር። የትኛው ቤት ውሻ እንደሚያውቀው፣ የትኛዋ አሮጊት በረንዳዋን ስትጠርግ ሰላም እንደምትለው፣ የቱ ዛፍ ቅጠሉን እንዳራገፈ። «ይሄ ሁሉ ሰፈር በታክሲ መስኮት ሥር ኖሯል» ይል ነበር።

ደረጃውን ሳያርፍ መውጣት የጀመረ ዕለት ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወርዶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ፈገግ ብሎ ሄደ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱሪው አልሰፋም።

ቀበቶ አያስርም፤ ሆዴን ይቆርጠኛል ይላል። ሱሪዎቹን የምትሰፋለት ሚስቱ ናት፣ ከጥበቃዎቹ ጨርቅ ከተረፈው ግራጫ፣ ወገቡ ላይ ልክክ አድርጋ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ይለብሳል። ሥራ ላይ ከላይ የሚያጠልቀው ካፖርት መሳይ ጋዋን ስለሆነ እሱ ድሮም ሰፊ ነው፣ ምንም አይነግረውም። ጠዋት ጠዋት ሱሪውን ሲያጠልቅ አውራ ጣቱን ወገቡ ውስጥ ይከታል። ልክ ነው። ሳምንት አልፎ ይከታል። ያው ልክ ነው። ወራት አለፉ፤ ሱሪው እንደ ድሮው ልክክ ብሎ ይይዘዋል።

«እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ ስሄድ ሆዴ ከቤት ሳይወጣ ይቀራል መሰለኝ» አለኝ አንድ ቀን። ቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀም።

መስታወት የለውም ወይ የሚል ይኖራል። መስታወት ማየት ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚላጨው መዳፍ በምታህል ቁራጭ ነው፣ እሷም ጉንጭና አገጭ እንጂ ሌላ አታሳይም። እኔም በየቀኑ ስለማየው አልታወቀኝም። በሕንፃው ያለው ሰው ግን መንሾካሾክ ጀምሯል። አናጺው አንድ ጠዋት ሲያልፍ ቆም ብሎ «ጎታው፣ ማን ገባብህ? እህሉን ወዴት ወሰዱት?» አለው። ሌሎቹ ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደህና ነው ወይ ይሉኛል። ደህና ነው እላለሁ። ጓደኛዬ ግን ከሰው ሁሉ ወሬ ይልቅ ሱሪውን ነው የሚያምነው፤ ነርሷ ያለችው እሱን ነዋ። ሰዎቹ ያሾፉብኛል አለ።

የእጅ ሰዓቱ ማሰሪያም ነግሮት ነበር። ቆዳ ነው። ድሮ የሚያስገባባት ቀዳዳ ሰፍታው ቀጣዩዋን ያዘ፣ ኋላም ሌላዋን። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይገባው ነበር። እሱ ግን ሙያተኛ ነው። ቆዳ ላብ ሲነካው እንደሚለጠጥ ለደንበኛ ሁሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ራሱንም በዚያው አስረዳና ማሰሪያውን አውልቆ ጣለው። ብረት አይዋሽም ብሎ የብረት ማሰሪያ በእጁ ልክ፣ ትርፉን ቁርጥራጭ በካቻቪቴ እያወጣ፣ ገጥሞ አሰረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሱቄ ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ ላይ አነሳ። ብረቱ ተንሸራትቶ እስከ ክንዱ መሃል ወረደ። እጁን ዝቅ አደረገ፣ መዳፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ብረት አይለጠጥም» አለ። «እጄ ከስቷል። ሆዴ ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ።»

እኔም አውቀዋለሁ። ከእሱ ጎን ቤት ይኖር የነበረ ጡረተኛ ሹፌር እጅና እግሩ ክር ሆኖ፣ ሆዱ ብቻ ቀርቶ ነው የሞተው። ስለዚያ ሰው አላነሳንም። ወደ ነርሷ እንሂድ አልኩት። ምን ልታደርግልኝ ብሎ ተነሳ። በማግስቱ በእግሩ አልመጣም፤ በታክሲ መጣ። ከዚያ ያየሁት ነገር ከሁሉ በላይ አስጨነቀኝ። ባለቤት ሳይመጣላቸው በመሳቢያው ዓመታት የተቀመጡ ሰዓቶችን እያወጣ፣ እየወለወለ፣ ቤታቸውን ለሚያውቃቸው ባለቤቶች በየአቅጣጫው መላክ ጀመረ። ቤቱን እየጠረገ እንደሚወጣ ሰው።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ጸለይኩ። ግራ ሲገባኝ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር የለኝም።

በዚያው ሰሞን ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ጠራችኝ። ወንድሜ፣ አንዴ ግባ አለች። ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ያው ግራጫ ሱሪ ተዘርግቷል፤ አሁን ግን አልተገለበጠም። ከግድግዳው የተሰቀሉትን የጥበቃዎቹን ሱሪዎች አየሁ፤ ሁሉም ጎንና ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። የጠረጴዛው ሱሪ መስመር የለውም። ዝናብ ያስጠለለኝ ዕለት ገልብጣው ስለነበር ይህን አላየሁም።

ከሱሪው ቀና አልኩ። እሷም እንዳየሁ አወቀች።

«የማን እንደሆነ አወቅክ» አለች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁሉንም ነገረችኝ። ታላቅ ወንድሟ እንዲሁ ነበር የጀመረው። ምግብ ይገፋል፣ ቀደም ብሎ ይተኛል፣ ቤት አይቀመጥም። ሕመሙን ማንም ሳይነግረው ተሸክሞት ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን መስታወት ፊት ሱሪው ከወገቡ ሸርተት ብሎ ወረደ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከአልጋ አልተነሳም። የገደለው ሕመሙ ነው ይበሉ እንጂ የገደለው ሱሪው ነው አለች። እና ባሏ ሳህኑን ሲገፋ፣ ማለዳ ሳይነጋ ሲወጣ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሲንጠለጠል ባየች ጊዜ ምላጯን አነሳች። አንደኛው ሱሪ ታጥቦ በደረቀ ቁጥር በዓይኗ ገምታ ወገቡን ጥቂት ታጠብበዋለች። እሱም ልኩ መስሎት ይለብሰዋል።

«እሱ ራሱ የሚያውቅ ይመስልሃል?» አለችኝ። «ለአንተ ምን ይልሃል?»

ምን ልበላት? ባልየው ለሚስቴ አትንገር ብሎኛል፤ እሷም ለእሱ እንዳልነግረው በዓይኗ ትለምነኛለች። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ቃል ማጠፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ፈጣሪ ይቅር ይለኛል። ዝም ያሰኘኝ ሌላ ነው። እኔ ራሴ እውነቱን አላውቅም። የቀነሰው በእግሩ ይሆናል፣ በሕመምም ይሆናል። በእግሩ ነው ብዬ ተስፋ ብሰጣትና ሕመም ቢሆንስ? አሁን ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ የእሱን ሞት እርስ በርስ የሚደባበቁ። እኔ ደግሞ መሃላቸው ቆሜ የማንን በር እንደማንኳኳ ጠፋኝ። እኔም አይቼ እነግርሻለሁ እትዬ ብቻ ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ሰዓት ጠጋኙን አልጠየቅኩትም። ጋዋንህን አውልቅ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አልኩት። ለመከራከር አቅም አልነበረውም መሰለኝ፤ ተነሳና ተከተለኝ። በእግራችን ሄድን። የሚያውቀው ውሻ ከአጥር ወዲያ ሲጮህለት እንኳን ዞር አላለም።

ነርሷ አላወቀችውም። ስሙን ሲነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችው። ተቀመጥ አለችው። ባለፈው ግፊቱን ለመለካት ለክንዱ የተጠቀመችው ትልቁን ማሰሪያ ነበር፤ አሁን እሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችና የተለመደውን አሰረችለት። ለካች፣ ደግማ ለካች። አስተኝታ ሆዱን በጣቶቿ ጫን ጫን እያደረገች እዚህስ፣ እዚህስ እያለች ጠየቀችው። ደም ተቀዳና ውጤቱን ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ እሱ ብረቱን እጁ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ እኔ በልቤ የማውቃትን አንዲት ጸሎት ደጋግሜ እላለሁ።

ስትጠራን ቆማ ነበር። ግፊቱ ወርዷል። ስኳሩ ከአፋፉ ተመልሷል። ጉበቱም ምንም የለውም። ሚዛኑ ላይ ውጣ አለችው፤ አሁን ልትፈራው አይገባም አለች። ወጣ። ቁጥሩን አይታ ሳቀች። ይሄን ሁሉ ሰው የት አድርሰኸው ነው አለችው።

«እንግዲህ ሱሪህስ ምን አለህ?»

«ሱሪዬ ዝም አለኝ» አለ።

ቀልድ መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ወገቡን በጣቷ ሞከረችው። ልክክ ያለ ነው። አዲስ ነው አለችው። አይደለም፣ ያው የድሮው ነው አላት። አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሱሪውን አየችው። ይሄማ አይሆንም አለች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ስንወጣ በደስታ የሚዘል መስሎኝ ነበር። መንገድ መሃል ቆመና በልኩ አልደሰት አልኩ አለኝ። ሚዛኑ ቀንሰሃል ይለኛል፣ ሱሪው አልቀነስክም ይለኛል፣ እኔ የትኛው ውስጥ ነው ያለሁት አለ። አሁን እውነቱን ስለማውቅ ዝም ማለቱ ኃጢአት ሆነብኝ። ክፍልህ እንድረስና ሱሪህን አውልቀህ በማጉያ መነጽርህ ከውስጥ በኩል እየው አልኩት።

«ሱሪዬን ላውልቅ? በሥራ ሰዓት?»

«መጋረጃውን አውርደው። ጋዋንህ አለ።»

መጋረጃውን አወረደ፤ እኔ ውጭ ቆምኩ። አንድ ደንበኛ ሰዓት ይዞ መጣ። ትልቅ ሥራ ይዟል፣ ቆየት ብለህ ተመለስ አልኩት፤ አልዋሸሁም። ከውስጥ የወንበሩ እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ። በመጨረሻ ግባ አለኝ።

ጋዋኑን ለብሶ፣ ባዶ ቅልጥሙ ከሥር ወጥቶ፣ ሱሪውን ከመብራቱ ሥር ገልብጦት ነበር። መነጽሩን ሰጠኝና በወረንጦው ጫፍ አሳየኝ። ከውጭ በኩል ካውያው ሁሉን አጥፍቶታል። ከውስጥ፣ ከገበሩ ሥር ግን የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ፤ በተርታ። ከተርታው አጠገብ ሌላ ተርታ። ከዚያ አጠገብ ሌላ። ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ እኩል የተራራቁ፣ የእሷ እጅ።

«ይሄ ከታክሲ የወረድኩ ሰሞን ነው» አለ፣ ከዳር ያለውን ተርታ እየነካ። ወረንጦው ወደ ውስጥ ተሻገረ። «ይሄ ስኳሩን የተውኩ ጊዜ መሆን አለበት። እዚህ ጋ ደረጃውን ወጣሁ።» ከዚያ ወረንጦውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ነገርኩት። ስለ ወንድሟ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ካውያው። ሳልጨምርና ሳልቀንስ።

ማጉያውን ከእጄ ተቀብሎ ዓይኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ወደ ምንም አያይም። የተርታዎቹን ዳር በጣቱ ዳሰሰ።

«እኔ ስድን እሷ ስትቀብረኝ ነበር» አለ። «ሳህኑን ስገፋ ፊቷ ይጠቁራል፤ ምግቤን ናቅክ ብላ ያኮረፈች ይመስለኝ ነበር። ተደስቼ ጠዋት እያፏጨሁ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ምን እያየች ነበር?» መልስ አልጠበቀም። «ልደሰት ወይስ ልፈር፣ ንገረኝ እስቲ። አንተ መጽሐፍ ታነባለህ።»

በመጽሐፍ አላየሁትም አልኩት። እውነቴን ነው። እኔም ከእሱ ባላነሰ ግራ ገብቶኝ ነበር። ብቻ ሁለቱን ባንድ ቤት ያኖረ አምላክ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ብዬ አሰብኩ፤ ይህንን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።

ሱሪውን አጥልቆ አውራ ጣቱን እንደ ልማዱ ወገቡ ውስጥ ከተተ። ልክ ነው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጨርቅ ሸፈነ፣ መብራቱን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለ። «ቀድመኸኝ ወደ እሷ ሂድ። እኔ ደህና ነኝ ብላት አታምነኝም፤ ወንድሟም ደህና ነኝ ሲላት ነው የኖረው። አንተ ንገራት። ነርሷ ያለችውን፣ መንገዱን፣ ስኳሩን፣ ሳህኑን፣ ሁሉንም። ታልቅስ፣ አትከልክላት። ስትጨርስ ሜትሯን አውጥታ በሩ ላይ ትጠብቀኝ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልክ ስትወስድ የእኔን በዓይኗ ብቻ እየገመተች ነው የኖረችው። ዛሬ በሜትር ትለካኝ፣ እያየኋት። እኔ በእግሬ ቀስ ብዬ እመጣለሁ፤ አንተ ግን ዛሬን በታክሲ ሂድ፣ እንድትቀድመኝ። ትሄድልኛለህ?»